ተራኪው ሲዋሽ፦ የሥነ ልቦና ሆረር ጌም ግራ ሳይገባችሁ ለመጫወት

«ጌሙን ጨረስኩት፤ ግን ምንድነው የሆነው?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይደርሰኛል። አብዛኛው ስለ ሳይለንት ሂል 2 ነው። አንዳንዱ ስለ ሄልብሌድ፣ ሌላው ስለ ዶኪ ዶኪ ሊተራቸር ክለብ ይጠይቃል። የጠያቂዎቹ ችግር ግን አንድ ነው። ታሪኩን የሚነግራቸውን ሰው አምነው ነው የተጫወቱት። በእነዚህ ጌሞች ውስጥ ደግሞ ተራኪው አይታመንም። አንዱ የሆነውን ረስቶታል። ሌላው ራሱን ያታልላል። አንዱ ደግሞ ዓይናችሁ እያየ ሽምጥጥ አድርጎ ይክዳል።

መጨረሻውን ብነግራችሁ ጌሙን ገደልኩባችሁ ማለት ነው። ስለዚህ የምጽፍላችሁ አጨዋወቱን ነው። ምሳሌ የምወስደው በብዛት ከሳይለንት ሂል 2 ነው፤ ከታሪኩ የምነካው እስከ አጋማሹ ያለውን ብቻ ነው። የመሃሉንም መስማት የማይፈልግ ሰው እርምጃ 5ን ይዝለል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጌሙ፣ ከሕጋዊ መሸጫ የወረደ።
- ጆሮን የሚሸፍን ሄድፎን። ውድ መሆን የለበትም፤ ግራና ቀኙ በትክክል ይሥራ እንጂ።
- ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ካያችሁ በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጥቁር ለማየት ዓይናችሁ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ላይ አንድ የቴሌግራም መልእክት ከገባ ጨዋታው አለቀ።
- የስክሪንሾት ቁልፍ። ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እወቁ።
- መዝገበ ቃላት ወይም የትርጉም አፕ፣ እንግሊዝኛው ለሚከብደው።
- ያልተቆራረጠ ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ።

ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። አጠገባችሁ አራት ሰው ፊፋ እየተጫወተ ሹክሹክታ አይሰማም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

ይህን ክፍል አትዝለሉት።

እነዚህ ጌሞች የሚያስፈሩት በጭራቅ ብቻ አይደለም። ራስን ማጥፋት፣ በልጅነት የደረሰ ጥቃት፣ የአእምሮ ሕመምና የሚወዱትን ማጣት የታሪኩ እምብርት ናቸው። ዶኪ ዶኪ ሊተራቸር ክለብ ሽፋኑ ላይ የሚያማምሩ የካርቱን ተማሪዎች አሉት። ሲከፈት ግን ለልጆችና በቀላሉ ለሚረበሹ እንደማይሆን ራሱ ያስጠነቅቃል። የምሩን ነው። የካርቱን ጌም መስሏችሁ ለታናሽ ወንድማችሁ አትክፈቱለት።

በቅርቡ ሐዘን ላይ የነበረ ወይም ከጭንቀት ጋር እየታገለ ያለ ሰው ቢያቆየው ይሻላል። ጌሙ የትም አይሄድም። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ የሚቀሰቅስበት ሰው ደግሞ የመክፈቻውን ማስጠንቀቂያ ሳያነብ አይጀምር።

በመሃል ደረታችሁ ከጠበበ ወይም ሐሳቡ አለቅ ካላችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ተነሡ። መብራት አብሩ፤ ሰው አናግሩ። መጨረስ ግዴታ አይደለም።

እርምጃ 1፦ የውሸቱን ዓይነት አይታችሁ ጌም ምረጡ

ሁሉም ተራኪ በአንድ መንገድ አይዋሽም። ዓይነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ምን ላይ ማተኮር እንዳለባችሁ ስለሚነግራችሁ ነው።

የረሳ ተራኪ፦ በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው አምኒዝያ፡ ዘ ዳርክ ዲሴንት ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። ዳንኤል የሚባል ወጣት በ1839 አንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይነቃል። ምንም አያስታውስም። ከዚያ ለራሱ የጻፈውን ደብዳቤ ያገኛል፤ ሆን ብሎ እንደረሳና አንድ ሰው መግደል እንዳለበት ይነግረዋል። እዚህ ላይ ጠያቂ ሁኑ። ትእዛዙን የሰጠው ሰው ለምን መርሳት ፈለገ?

ሆን ብሎ የሚዋሽ ተራኪ፦ ስሌይ ዘ ፕሪንሰስ፣ 2023። አንድ ድምፅ ጫካ ውስጥ ያለች ጎጆ ግባ፣ ምድር ቤት ያለችውን ልዕልት ግደል፣ አለዚያ ዓለም ይጠፋል ይላችኋል። እሺም እምቢም ማለት ትችላላችሁ።

በሕመም ውስጥ ያለች ተራኪ፦ ሄልብሌድ፡ ሴኑዋስ ሳክሪፋይስ፣ 2017። ሴኑዋ ድምፆች ይሰሟታል። ሠሪዎቹ ኒንጃ ቲዎሪ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው የሥነ አእምሮ ሊቅ ፖል ፍሌቸርና ሕመሙን ራሳቸው ካዩት ሰዎች ጋር ተማክረው ነው የሠሩት።

ራሱን የሚያታልል ተራኪ፦ ሳይለንት ሂል 2። የመጀመሪያው በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ፤ እንደገና የተሠራው በ2024። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሰውዬው የሚናገረውን ከልቡ ያምነዋል።

ራሱ ጌሙ የሚዋሽበት፦ ዶኪ ዶኪ (2017) እና ኢተርናል ዳርክነስ (2002)። ሁለተኛው የጌምኪዩብ (የኒንቴንዶ የድሮ ጌም ማሽን) ስለሆነ ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል።

ለጀማሪ የምመክረው አምኒዝያን ወይም ስሌይ ዘ ፕሪንሰስን ነው። ተራኪው እንደማይታመን ገና በጠዋቱ ስለሚያሳውቁ እጃችሁን ታፍታታላችሁ። ሳይለንት ሂል 2ን ሁለተኛ አድርጉት። ዳታና ቦታ የሚያሳስባችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፤ የ2024ቱ ሳይለንት ሂል 2 ወደ 50 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል፣ ዶኪ ዶኪ ግን ነፃ ነው፣ ደካማ ላፕቶፕም ይችለዋል። እሱ ግን ከዳር እስከ ዳር ንባብ ነው።

እርምጃ 2፦ ቅንብሩን አስተካክሉ

ሰብታይትል ክፈቱ፣ እንግሊዝኛ ብትችሉም። ተራኪው አንድ ወሳኝ ቃል በሹክሹክታ ይጥልና ያልፋል። ጽሑፉ ካለ ስክሪንሾት ማንሳት ትችላላችሁ። ጽሑፉና ድምፁ የተለያዩ ቢሆኑ ደግሞ ይህ ራሱ ማስረጃ ነው።

ብራይትነሱን ጌሙ በሚላችሁ ልክ አድርጉ። ፈርታችሁ ከፍ ካደረጋችሁት ጭራቁ ይታያል፤ ግን ጨለማው ውስጥ እንዳይታይ የተደረገውም ሁሉ ይጋለጣል። ዝቅ ካደረጋችሁት ደግሞ ግድግዳ ላይ የተጻፈው ያመልጣችኋል።

ድምፁን ከዝቅተኛ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። ሆረር ጌም ረጅም ዝምታ አድርጎ ድንገት ይጮኻል፤ ጆሮ ይጎዳል። ሄልብሌድን በስፒከር አትጫወቱ። ድምፆቹ የተቀዱት የሰውን ሁለት ጆሮ በሚመስል ማይክሮፎን ስለሆነ በሄድፎን ከኋላችሁ፣ ከግራችሁ፣ ከጆሮ ግንዳችሁ ሥር ይመጣሉ። በስፒከር ግን ዝም ብሎ ጫጫታ ነው።

ጌሙ የሚፈቅድ ከሆነ ሴቭ የምታደርጉት በተለያየ ቦታ ይሁን፤ በአንዱ ላይ እየደረባችሁ አትጻፉ። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው መብራት ነው። ሁለተኛው በኋላ ጥርጣሬ ሲገባችሁ ወደ አንድ ትዕይንት ተመልሳችሁ ማየት እንድትችሉ ነው።

እርምጃ 3፦ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ሦስት መልስ ጻፉ

ገና እንደጀመራችሁ ደብተሩ ላይ ሦስት ጥያቄ አስፍሩ። ይህ ሰው ማን ነኝ አለ? ለምን መጣሁ አለ? መቼ ሆነ አለ?

መልሱን በተራኪው ቃል ጻፉት፤ በራሳችሁ አታሳምሩት። የሳይለንት ሂል 2 ይህን ይመስላል፦ «ጄምስ ሰንደርላንድ ነኝ። ሚስቴ ሜሪ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፣ እዚህ ከተማ እጠብቅሃለሁ ብላ። ሜሪ ከሦስት ዓመት በፊት በሕመም ሞታለች።»

ለምን አሁኑኑ? ምክንያቱም የጌሙ ውሸት በሙሉ የሚቆመው በመግቢያው ላይ ነው። አሥር ሰዓት ከተጫወታችሁ በኋላ መግቢያውን ትረሱታላችሁ፤ ጌሙ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እዚህ ግን ካልጻፋችሁት እያደር የሚጠራ ነገር የለም።

መግቢያው ላይ የሚታየውንም አትለፉ። ሳይለንት ሂል 2 የሚጀምረው ጄምስ የመንገድ ዳር መጸዳጃ ቤት ውስጥ በመስታወት ራሱን ትክ ብሎ ሲያይ ነው። ጭራቅ የለም፤ ሙዚቃውም ቀስ ያለ ነው። «መስታወት፣ ፊቱን በእጁ ያሻል» ብላችሁ ጻፉና ተዉት። ትርጉም አትስጡት፤ ገና ነው።

እርምጃ 4፦ ደብተሩን በሦስት አምድ ክፈሉ

ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። አምዶቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ተባለ። ተራኪው ወይም ሌላ ገጸ ባሕርይ የተናገረው።
2. አየሁ። ስክሪኑ ላይ በራሳችሁ ዓይን ያያችሁት።
3. ምንጭ። ማን ነገረኝ? ሌላ ሰውም አይቶታል ወይስ እሱ ብቻ?

ሦስተኛው አምድ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ ዋናው ግን እሱ ነው። በእነዚህ ጌሞች ያያችሁትም ነገር በተራኪው ዓይን በኩል የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰው ያየው ነገር አንድ ሰው ብቻ ካየው ይበልጣል። ሳይለንት ሂል 2 ውስጥ ሌሎች ሰዎችም በከተማዋ ይንከራተታሉ፤ አንጄላ፣ ኤዲ፣ ላውራ የምትባል ሕፃን። በተገናኛችሁ ቁጥር አንድ ነገር ጠይቁ። እኔ የማየውን ጭራቅ እነሱም ያዩታል? ላውራ እንዴት ብቻዋን እንደዚያ እንደልቧ ትዞራለች? መልሱን በግልጽ የሚነግራችሁ የለም። ጠባያቸውን ግን ማየት ትችላላችሁ።

ስሌይ ዘ ፕሪንሰስ ላይ ይህ አምድ ቶሎ ፍሬ ይሰጣል። ወደ ጎጆዋ ስትመለሱ ግድግዳው ላይ መስታወት ታያላችሁ። ተራኪው ምንም መስታወት የለም ይላችኋል። «ተባለ፦ የለም። አየሁ፦ አለ።» ይህን ከጻፋችሁ በኋላ የሚናገረውን ሌላ ነገር የምታዳምጡበት ጆሮ ይቀየራል።

በየትዕይንቱ አትጻፉ፤ ትሰለቻላችሁ። አንድ ሰው ስለ ራሱ ወይም ስላለፈ ነገር ሲናገር ብቻ ጻፉ።

እርምጃ 5፦ ዓመትና ቀን ደምሩ (የሳይለንት ሂል 2ን አጋማሽ ይነካል)

ተራኪ ስሜቱን በደንብ መደበቅ ይችላል። ሒሳብ ላይ ግን ይያዛል።

ብሩክሄቨን ሆስፒታል ውስጥ ጄምስ ላውራን ያገኛታል። ሜሪን ከየት እንደምታውቃት ይጠይቃታል። ልጅቷ ጓደኛሞች እንደነበሩ፣ ሆስፒታል ውስጥ እንደተዋወቁ፣ ይህም ባለፈው ዓመት እንደሆነ ትነግረዋለች። ጄምስ ውሸታም ይላታል። ትእይንቱ ያልፋል፤ ጭራቅ ይመጣል፤ ተጫዋቹም ይረሳዋል።

አሁን ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ገጽ መልሱ። ጄምስ ያለው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ላውራ የምትለው ባለፈው ዓመት ነው። ሦስት ዕድል አለ። ልጅቷ ትዋሻለች፣ ጄምስ ተሳስቷል ወይም ይዋሻል፣ አለዚያም ከተማው ራሱ ጊዜን ያዛባል። ሦስቱንም ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ጠይቁ፦ ማን ምን ይጠቀማል? የስምንት ዓመት ልጅ ስለ አንዲት በሽተኛ ጓደኛዋ ለምን ትዋሻለች?

አንዱን ቶሎ አትምረጡ። በቀሪው ጌም ውስጥ የሚመጣው ማስረጃ አንዱን እየደገፈ ሁለቱን ይጥላቸዋል። እዚህ ላይ መጠበቅ የማይችል ሰው ነው በኋላ ግራ ገባኝ የሚለው።

ለሌሎች ጌሞችም ያው ነው። ደብዳቤ ላይ ያለ ቀን፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ በቅደም ተከተል ደርድሩ።

እርምጃ 6፦ የያዛችሁትን ዕቃ ደጋግማችሁ ክፈቱ

ብዙ ሰው ዕቃ የሚከፍተው መድኃኒትና ጥይት ሲፈልግ ብቻ ነው። ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ ቁልፍ፣ ማስታወሻ፣ አንድ ጊዜ ይነበብና ይረሳል። በእንዲህ ያለ ጌም ግን ዕቃው ሁልጊዜ እንዳለ አይቆይም፤ ተራኪው ሲለወጥ እሱም ሊለወጥ ይችላል።

የ2001ዱን ሳይለንት ሂል 2 የምትጫወቱ ከሆነ የሜሪን ደብዳቤ ከእያንዳንዱ ትልቅ ክስተት በኋላ ክፈቱት። ለምን እንደምላችሁ ራሳችሁ ታያላችሁ።

ርዕሶችንም አትናቁ። በ2008 የወጣው ዴድ ስፔስ 12 ምዕራፎች አሉት። የምዕራፎቹን የእንግሊዝኛ ርዕስ የመጀመሪያ ፊደል በተርታ ብታገጣጥሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። መልሱ ከመነሻው ፊታችሁ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ከመጨረሳችሁ በፊት ግን አትሞክሩት።

እርምጃ 7፦ ስክሪኑንም ተጠራጠሩ

ጌሙ ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ኢተርናል ዳርክነስ የአእምሮ ጤና መለኪያ አለው። መለኪያው ሲወርድ ጌሙ ተጫዋቹ ላይ ይነሳል። የቲቪው ድምፅ የቀነሰ ይመስላል፤ ስክሪኑ ላይ የድምፅ ምልክት ይታያል። ዝንብ ስክሪኑ ላይ ይሄዳል። ይባስ ብሎ ሴቭ ያደረጋችሁት ሁሉ እየተሰረዘ እንደሆነ ያሳያል። ሁሉም ውሸት ነው፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይመለሳል። ደንግጦ ገመዱን የነቀለ ሰው ግን በራሱ እጅ ጨዋታውን ያጣል። አምኒዝያም ዳንኤል ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ምስሉን ያዛባል፤ ስክሪናችሁ ላይ ነፍሳት ይሄዳሉ።

ደንቡ ቀላል ነው። ጌሙ ስለ ማሽናችሁ መጥፎ ዜና ከነገራችሁ እስከ ሠላሳ ቁጠሩ። ምንም አትንኩ። እውነተኛ ብልሽት ከሆነ ከሠላሳ ሰከንድ በኋላም እዚያው ይጠብቃችኋል።

ሄልብሌድ መጀመሪያ ላይ የሴኑዋ ክንድ ላይ ጥቁር ነገር ይወጣል። በወደቀች ቁጥር እየተስፋፋ እንደሚሄድ፣ ጭንቅላቷ ከደረሰ ደግሞ የደረሳችሁበት ሁሉ እንደሚጠፋ ጌሙ ይነግራችኋል። ይህን አንብበው ጨዋታውን የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። አትተዉት። ተጫዋቾች ደጋግመው እየሞቱ ሞክረውታል፤ ሴቩ አይጠፋም። ማስፈራሪያው የተቀመጠው እናንተም እንደ ሴኑዋ በፍርሃት እንድትራመዱ ነው።

ስለ ዶኪ ዶኪ አንድ ነገር ልጨምር። ጌሙ በራሱ ፎልደር ውስጥ ያሉ ፋይሎችን ይነካል። ይህ የታሰበበት ነው፤ ቫይረስ አይደለም። ግን በዚሁ ምክንያት ከማይታወቅ ቦታ የተገኘ ኮፒ አትጫኑ። ፋይል የሚነካ ጌም ውስጥ ሌላ ሰው የራሱን ተንኮል ቢጨምርበት መለየት አትችሉም። ፎልደሩንም ጌሙ ራሱ እስኪጠቁማችሁ ድረስ አትክፈቱ።

እርምጃ 8፦ አዳምጡ፣ ግን ሁሉንም አትጣሉ

ተራኪው አይታመንም ማለት ሁልጊዜ ይዋሻል ማለት አይደለም። ይህን ያልለየ ሰው ሁሉንም ነገር ይጥልና ባዶ እጁን ይቀራል።

ሄልብሌድ ይህን በደንብ ያስተምራል። ድምፆቹ ሴኑዋን ይሰድቧታል፣ ያሾፉባታል፣ ተመለሺ ይሏታል። ውጊያ ላይ ግን ጠላት ከኋላ ሲመጣ የሚያስጠነቅቁት እነሱው ናቸው። ስክሪኑ ላይ የጤና መለኪያም ሆነ ካርታ ስለሌለ ያለእነሱ ትሞታላችሁ። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ አንድ ምልክት ጨምሩ። ተራኪው የተናገረው ነገር እውነት ሆኖ ሲገኝ «✓» አድርጉ። ቆይታችሁ ስታዩት ተራኪው በየትኛው ርዕስ ላይ እውነት እንደሚናገር፣ በየትኛው ላይ እንደሚሸሽ ይለያል። የሚሸሽበት ቦታ ነው የታሪኩ ቁልፍ።

እርምጃ 9፦ አንድ ጊዜ እምቢ በሉ

ጥርጣሬው ሲበረታ ፈትኑት። ሂድ ሲላችሁ ቁሙ። ግደል ሲላችሁ አናግሩ። ወደ ፊት ሲላችሁ ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን እዩ። በ2016ቱ ሌየርስ ኦቭ ፊር ዞር ስትሉ የመጣችሁበት በር ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል፤ ክፍሉ ከጀርባችሁ ይቀያየራል።

መታዘዝ ብቻ ከሆነ ሥራችሁ ተራኪው የሚያውቀውን ብቻ ነው የምታውቁት። እምቢ ስትሉ ግን ያልተዘጋጀበትን መናገር አለበት። ሲናደድ፣ ሲለማመጥ፣ ወይም ዝም ሲል ጻፉት። ከዚያ በፊት ግን ሴቭ አድርጉ።

እርምጃ 10፦ እጃችሁ የሚሠራውን አስተውሉ

አንዳንድ ጌም እናንተንም ያጠናል። ሳይለንት ሂል 2 መጨረሻውን የሚወስነው በምርጫ ሣጥን አይደለም። ጄምስ ሲቆስል ቶሎ ታክሙታላችሁ ወይስ እየደማ ታስኬዱታላችሁ? የሜሪን ፎቶና ደብዳቤ ትከፍታላችሁ? ከአንጄላ የተቀበላችሁትን ቢላ ደጋግማችሁ ታያላችሁ? ማሪያ የምትባለዋን ሴት ትጠብቋታላችሁ ወይስ ጥላችኋት ትሮጣላችሁ? ጌሙ ይህን ሁሉ በዝምታ ይመዘግባል።

በመጀመሪያው ዙር ይህን ለማሳመር አትሞክሩ። እንደመጣላችሁ ተጫወቱ፤ የሚደርሳችሁ መጨረሻ እናንተ ጄምስን እንዴት እንደያዛችሁት የሚያሳይ ነው። በሁለተኛው ዙር ግን አውቃችሁ ቀይሩት። በ2001ዱ እትም አንዱ መጨረሻ ጭራሽ የሚገኘው አንዴ ከጨረሱ በኋላ እንደገና ሲጫወቱ ነው።

እርምጃ 11፦ ሁለተኛ ዙር፣ በፍጥነት

ጊዜ የለኝም የሚለኝ ብዙ ነው። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው በጣም ያጥራል፤ እንቆቅልሹን ታውቁታላችሁ፣ መንገዱንም እንዲሁ። የጌሙን የክብደት ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ ንግግሩን ብቻ ተከታተሉ። ያው ዓረፍተ ነገር ሌላ ትርጉም ይዞ ይመጣል፤ መስታወቱ ፊት የቆመበት የመጀመሪያው ትዕይንትም እንደዚያው። ሙሉውን ካልቻላችሁ የመጀመሪያዎቹን 30 ደቂቃዎች ብቻ ድገሙ። ከምንም ይሻላል።

እርምጃ 12፦ ታሪኩን በአንድ ገጽ ጻፉ፣ ከዚያ ብቻ ኢንተርኔት ክፈቱ

የሆነውን በተፈጸመበት ቅደም ተከተል ጻፉት እንጂ ጌሙ ባሳያችሁ ቅደም ተከተል አይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ጎን ጥያቄ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሌሎች የጻፉትን ማብራሪያ አንብቡ፤ የእነሱን ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩ። ማስረጃ ያላቀረበ ማብራሪያ፣ የፈለገውን ያህል ላይክ ቢኖረው፣ ግምት ነው። አንዳንዱ ነገር ደግሞ ሆን ተብሎ ክፍት የተተወ ስለሆነ ጥያቄ ምልክቱ እንዳለ ይቆያል።

የተለመዱ ስህተቶች

*ዎክስሩ (ጌሙን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚጨርሱት የሚያሳይ መመሪያ) እያዩ መጫወት።* እንቆቅልሽ ከያዛችሁ የእንቆቅልሹን መልስ ብቻ በጽሑፍ ፈልጉ። ቪዲዮ አትክፈቱ። የዩቲዩብ ርዕሱና ከጎን የሚደረደሩት ቪዲዮዎች መጨረሻውን ያወጡባችኋል፤ ኮሜንቱማ አይወራ።

*«በቃ ሕልም ነው» ማለት።* ይህ መልስ ሁሉንም ስለሚያስረዳ ምንም አያስረዳም። ሕልም ነው ካላችሁ የማን ሕልም፣ ለምን ይህ ሕልም፣ ሲነቃ ምን ይቀራል የሚለውን መመለስ አለባችሁ።

*ጭራቁን እንደ ጠላት ብቻ ማየት።* ከመግደላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቅርጹን እዩት። በእነዚህ ጌሞች ጭራቅ ብዙ ጊዜ የተራኪው ሐሳብ ሥጋ ለብሶ ነው። ምን ዓይነት አካል አለው? ፊት አለው? እንዴት ይንቀሳቀሳል? አንድ መስመር ጻፉና ከዚያ ሩጡ።

*የንግግር ትዕይንት መዝለል።* አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማለፍ ይቻላል። ግን የላውራን ዓይነት ቃል የምታገኙት እዚያ ነው።

*ደብዳቤን በካሜራ ብቻ ማስተርጎም።* ጌሙ ውስጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ ለትርጉም አፕ ይከብደዋል፤ ቀንና ስም ያሳስታል። ቀኑንና ስሙን በእጃችሁ ገልብጡ፣ ቀሪውን ያስተርጉምላችሁ። አምኒዝያ ላይ የዳንኤል ማስታወሻዎች በድምፅ ስለሚነበቡ እያዳመጡ መከተል ይቀላል።

*በአንድ ቅዳሜ መጨረስ።* ስድስት ሰዓት በተከታታይ የተጫወተ ሰው ድካሙን ከፍርሃቱ መለየት ያቅተዋል። ሁለት ሰዓት ከተጫወታችሁ በኋላ ተነሡ። ከመቀጠላችሁ በፊት ደብተሩን አንብቡ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ጊዜ እየተጫወታችሁ ያላያችሁት ቅራኔ ብቅ የሚለው እዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው።

*አብሮ እንዲያይ ጌሙን የጨረሰ ሰው መጥራት።* ያልተጫወተ ጓደኛ ጥሩ ነው፤ እናንተ ያላያችሁትን ያያል፣ ደብተሩንም ሊይዝላችሁ ይችላል። የጨረሰ ሰው ግን አፉን ቢይዝ እንኳ ፊቱ ይናገራል። ወሳኙ ትዕይንት ሲደርስ ስልኩን አስቀምጦ ወደ እናንተ ይዞራል፤ ያኔ አወቃችሁት ማለት ነው።